በእሾህ የተሸፈነው ጠባቂ

ሬሳው አይታይም ነበር። የሚታየው የግራር ቅርንጫፍ ክምር ብቻ ነው፤ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ሆኖ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተሰካክቶ እጅ ማስገቢያ እንኳ የለውም። ደሙ ግን ከሥር ሾልኮ አፈሩ ላይ ጠቁሯል፤ ዝንቡ እንደ ጉድ ይተራመሳል። ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ ሽታው ነው። መኪና በማይደርስበት ጫካ መሃል ዙሪያውን ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

"አሁን ይኼን ማን ያነሳዋል?" አለ ሳጅኑ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ እየደበቀ። ወሬ ስለማያልቅበት ጣቢያው ውስጥ ሬዲዮ ነው የሚሉት።

"አንተ ነሃ! ወይስ እሾሁን እኔ ልንቀልልህ?" አለችው ኢንስፔክተሯ።

ሬዲዮ እየተወጋና እየተራገመ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አነሳ። ከሥር የተኛው የዱር እንስሳት ጥበቃው ኃላፊ ነበር፤ አገር ምድሩ "ኬላው" ብሎ የሚጠራው ሰው። ኬላው ያሉትም በከንቱ አይደለም። አደን በሚዘጋበት የመራቢያ ወራት ሚዳቋ የገደለ፣ ዓሣ በሚራባበት ጊዜ መረብ የጣለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በእሱ በኩል አያልፍም። የገዛ አማቹን ለአንዲት ጅግራ ሲል ፍርድ ቤት ያቆመ ሰው ነው። አሁን በጀርባው ተንጋልሎ፣ ዓይኖቹ ተከድነው፣ ሸሚዙ ከግራ ብብቱ እስከ ቀበቶው በደረቀ ደም ተገትሮ ተኝቷል።

"ሊያቃጥለው ነበር" አለ ሬዲዮ፣ ነገሩ እንደገባው ሰው። "ናፍጣውን አርከፈከፈ፤ ከዚያ ወይ ክብሪቱ እምቢ አለው ወይ ሰው መጣበት። በቃ!"

"ሊያቃጥለው ከሆነ ሬሳው ላይ ያፈሰዋል እንጂ ዙሪያውን ምን አስዞረው?"

ሬዲዮ መልስ ሲያጣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ልማዱ ነው። አፈገፈገና "ኤጭ!" ብሎ ጫማውን አነሳ። "በጠጥ! የፍየል በጠጥ ነው፣ አለቃ። ገና አልደረቀም።"

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አየች። ከበጠጡ አጠገብ መሬቱ ላይ ካስማ ተተክሎ የተነቀለበት ጉድጓድ አለ።

"ፍየል እዚህ ምን ትሠራለች? ከብት ማስገባት ክልክል አይደለም እንዴ?"

"ክልክል ነው" አለ ከኋላዋ ወፍራም ድምፅ። የኬላው ምክትል ነው፤ በሩን የሚሞላ ሰውዬ፣ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። "ክልክል የሆነው ሁሉ ይገባል። አንቺ በጠጡን ተይውና ገዳዩን ውሰጂ። ይዘነዋል፤ ጠመንጃውን ቀምቶ ነው የተኮሰበት።"

ገዳይ የተባለው ከጥበቃዎቹ መኪና ኋላ በሽቦ ታስሮ መሬት ላይ ወድቋል። ወስፌ ነው። ቅጥነቱ ነው ወስፌ ያስባለው፤ በጫካው ዳር የሽቦ ወጥመድ እየዘረጋ ሚዳቋ በመስረቅ የታወቀ፣ ስንት ጊዜ ታስሮ ስንት ጊዜ የተፈታ። ፊቱ ፊት አይመስልም። አንድ ዓይኑ አብጦ ጠፍቷል፣ ከንፈሩ ለሁለት ተተርትሯል፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን ተኮራምቷል። ጥበቃዎቹ ከበውት ቆመዋል። ኢንስፔክተሯ እያየች አንዱ ጎኑን በቦቲ ጫማ ረገጠው።

"ተው!" 

ሌላው ደግሞ እግሩን አነሳ። ያኔ ሽጉጧን አውጥታ ወደ ላይ ተኮሰች። ወፎቹ ከዛፉ ግር ብለው ተነሱ፤ ጥበቃዎቹም ገለል አሉ።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"ሲሸሽ ወድቆ ነው" አለ ምክትሉ።

"ስንት ጊዜ ነው የወደቀው፣ አንተ ሰውዬ? ዓይኑም፣ ጥርሱም፣ ሆዱም በአንድ መውደቅ?"

ከሁሉ ራቅ ብሎ አንድ ጥበቃ ብቻ የሟቹን ቆብ ደረቱ ላይ አቅፎ መሬት መሬት ያያል። ንስሐ ነው የሚሉት። ድሮ እሱም አዳኝ ነበር፤ ኬላው ያዘው፣ አሳሰረው፣ ሲፈታ ደግሞ ራሱ ሥራ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቹ ሲያሾፉበት ንስሐ ብለው አስቀሩት።

---

"ሁለቱንም እኔ ላይ ጣላችሁብኝ" አለ የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ ጓንቱን እያወለቀ። "ከሞተው ልጀምርልሽ ወይስ ከሚሞተው?"

"ከሞተው።"

"አንድ ጥይት፣ የጥበቃዎቹ ጠመንጃ ጥይት ነው። በግራ ብብቱ ገብቶ ሳንባውን በጣጥሶታል። ብብት ማለት ደግሞ ክንድ ካልተነሳ አይገኝም።"

"እጁን ሰጥቶ ነበር ማለት ነዋ!" አለ ሬዲዮ። "እጅ ወደ ላይ ሲባል አንስቶ..."

"እሱን እናንተ ድረሱበት" አለ ሐኪሙ። "የሚሞተው ወስፌ ነው። ጣፊያው ሳይቀደድ አልቀረም፤ ሆዱ ውስጥ ይደማል። እኔ እዚህ ሆድ መክፈቻ የለኝም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ካልሄደ ቀብሩን አዘጋጁ።"

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አውጥታ አዛዡ ዘንድ ደወለች። አዛዡ ነገር ሳያስጨርስ ነው የሚናገረው።

"ኬላውን ገደለ ተብሎ የተያዘ ሰው ከከተማው አስወጥቼ ጥበቃዎቹ ጣቢያውን እንዲያነዱብኝ ነው የምትፈልጊው? ሁሉም መሣሪያ አላቸው፣ ሁሉም አብደዋል።"

"ጌታዬ፣ ሰውየው እየሞተ ነው።"

"ንፁህ ነው ካልሽ ሌላ ሰው አምጪልኝና መኪናውን ውሰጂ። እስከዚያ ካለበት ንቅንቅ አይልም።"

ስልኩን ዘጋው። መኪናው አንድ ነው፤ ቁልፉም አዛዡ ኪስ ውስጥ ነው።

ወስፌ አልጋው ላይ ገርጥቶ ተጋድሟል። እናቱ እግሩ ሥር ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቱን ይዛለች፤ እንዳይሄድባት ይመስል።

"ልጄ ሌባ ነው" አለች እናትየዋ፣ ኢንስፔክተሯ ሳትጠይቃት። "አልዋሽሽም፣ ልጄ፣ ሌባ ነው። ጠመንጃ ግን ይዞ አያውቅም። ድምፁን ይፈራል።"

"እማማ፣ እሱን ላናግረው። ወስፌ፣ ትሰማኛለህ? ጫካው ውስጥ ምን ታደርግ ነበር?"

"ሽቦዬን... ላይ ሄጄ" አለ። በየቃሉ እየተነፈሰ ነው የሚያወጣው። "ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ፍየል ስትጮህ ሰማሁ። ፍየል እዚህ ማን አመጣ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ሰዎች ተጯጯሁ። አንድ ጥይት ጮኸ። እኔማ እግሬ አውጪኝ አልኩ።"

"ማን እንደሆኑ አላየህም?"

"አላየሁም። ግን አንዱ ሲያለቅስ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ልቅሶ... ሰው የገደለ ሰው እንደዚያ ያለቅሳል እንዴ?"

ከዚያ በኋላ ሳለ፤ የሳለውም ደም ነበር።

---

የጥበቃው መሣሪያ ክፍል ከቢሮው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ምክትሉ ቁልፉን እያንቃጨለ ከፈተ። በግድግዳው ላይ የወጥመድ ሽቦዎች፣ የተወረሱ መረቦች፣ የቀንድ ክምር። ከመደርደሪያው ላይ ኢንስፔክተሯ አንዱን ጠመንጃ አነሳች። የኬላው ስም በነጭ ቀለም ተጽፎበታል፤ አፈሙዙ አቧራ ለብሷል።

"ይኸው ጠመንጃው" አለች። "ታዲያ ኃላፊያችሁ ጫካ የገባው ባዶ እጁን ነው? አንተ ወስፌ ቀምቶት ተኮሰበት ብለህ አልነበር?"

"እኔ ምን አውቄ..."

"ጥይቱ ከእናንተ ጠመንጃ የወጣ ነው። ቁልፉን የምትይዘው ደግሞ አንተ ነህ። ያን አመሻሽ የት ነበርክ?"

ምክትሉ ላብ ላብ አለው። "ሥራ ላይ።"

"የት ሥራ ላይ?"

"አልናገርም።"

"አትናገርም?"

"ብትገድይኝ አልናገርም!" አለና ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ሬዲዮ ዘሎ በሩ ጋ ደረሰ። ሰውየው በእርግጥ ፈርቷል፤ ግን የሚፈራው ነገር የነፍስ ጉዳይ አይመስልም። ዓይኑ እንደ ተማሪ ልጅ ነው የሚሸሸው።

"አለቃ፣ ይኼ ነው" አለ ሬዲዮ ውጭ ሲወጡ። "ኃላፊነቱን ፈልጎ ነው የደፋው። ዛሬውኑ እንሰረው።"

"መጀመሪያ ማታ ማታ የት እንደሚያመሽ ጠይቅልኝ። አንተ የማታውቀው ወሬ የለም።"

"እሱማ ቀላል ነው፤ ሆቴል ነው።"

---

በነጋታው ሆቴሉ ሲደርሱ ሆቴለኛው በፈገግታ ተቀበላቸው፤ ፈገግታው ግን ወጥ ቤቱ በር ድረስ ብቻ ነበር። ኢንስፔክተሯ ማቀዝቀዣውን ስትከፍተው አብሮ ጠፋ።

"የበሬ ነው" አለ።

"የበሬ?" ሬዲዮ አንዱን ታፋ ሰኮናው ጋ ይዞ አነሳው። "ይኼ ምን ዓይነት በሬ ነው እቴ? ጾም የገደለው ነው እንዴ? እግሩ እኮ ከእኔ ጣት አይበልጥም።"

"በመራቢያ ወራት የሚዳቋ ሥጋ መሸጥ ስንት ዓመት እንደሚያስቀጣ ታውቃለህ" አለችው ኢንስፔክተሯ። "እኔ ግን የመጣሁት ለሰው ነፍስ ነው። ኬላው በሞተበት አመሻሽ ምክትሉ እዚህ ነበር?"

ሆቴለኛው ግራ ቀኙን አየ። "ነበር። ከጓሮ ክፍል።"

"ምን ያደርግ ነበር?"

"ይበላ ነበር።"

"ምን?"

ሆቴለኛው በዓይኑ ወደ ማቀዝቀዣው ጠቆመ።

ሬዲዮ ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። የጥበቃው ምክትል! ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ቢጠረጠር ይሻለዋል እንጂ ሚዳቋ ስበላ ነበር አይልም።

"ብቻውን ነው?"

"ኧረ ከነጭፍሮቹ! ኬላው ዘወር ሲልላቸው ሁልጊዜ ይመጣሉ። ጨልሞ ነው የወጡት።"

"ሥጋውን ከማን ገዛኸው?"

ሆቴለኛው አንገቱን ደፋ። "ከወስፌ ነዋ። ከማን ይገዛል?"

ሬዲዮ ሳቁን አቆመ። ኢንስፔክተሯም ሥጋውን አየችው። ከእጁ ሲበሉ የኖሩትን ሰው ነው በጫማ የረገጡት። አፉን እንዳይከፍትባቸው ጭምር ነው እንደዚያ የረገጡት።

---

የኬላው ቤት በጫካው ጠርዝ ነው። ሚስቱ በሩን ከፍታ ወንበር አሳየችና ራሷ ቆመች። የአንዲት ትንሽ ልጅ ጫማ ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል፤ ማሰሪያው እንደታሰረ ነው።

ታሪኩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ያለቻቸውን አንድ ልጅ ከቤቱ ኋላ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ነብር ወሰዳት። ሰዉ ዱላና ጠመንጃ ይዞ ነብሯን ሊገድል ሲነሳ የጫካው መግቢያ ላይ የቆመው አባትየው ነው። ነብሯ ደቦሎች አሏት፤ ደቦል ያላት እናት በሕግ አትገደልም፤ ሰው የገደለ አውሬም ቢሆን የሚገደለው ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሲመጣ ነው ብሎ መለሳቸው። ግማሹ አደነቀው፣ ግማሹ ተፋበት። ፈቃዱም አልመጣም።

"እህቴ፣ ያን ቀን ሲወጣ ምን አለሽ?"

"ምንም።"

"ልብሱ የሥራ ልብስ አይደለም፤ ጠመንጃውም ቢሮ ነው ያለው።"

"እኔ የመንግሥት ሥራ አላውቅም።"

ኢንስፔክተሯ በመስኮቱ ወደ ጓሮው ተመለከተች። ባዶ ጉረኖ፣ የተዘጋጀ ቅጠል፣ የሚበላው የለም። "ፍየል ነበረቻችሁ?"

"ሸጥኳት።"

"ከዚህ ግድግዳ ላይስ ምን ወረደ?" ከአልጋው በላይ ቀለሙ ያልደበዘዘ ረጅም፣ ቀጭን ቦታ አለ፤ ከላይና ከታች ሚስማር።

"ፎቶ ነበር።"

"እንዲህ ያለ ቀጭን ፎቶ?"

ሴትየዋ ፊቷን አዞረች። "ሂጂልኝ። ባሌ በንጽሕና ኖሮ በንጽሕና ሞቷል። ነገ በክብር ነው የሚቀበረው። የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱን አትውሰጂብኝ። ሂጂልኝ!"

ኢንስፔክተሯ ወጣች። ስታያት አንጀቷን በልታታለች፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ጤና ጣቢያው ውስጥ ሌላዋ ሴት የልጇን እግር ይዛ ተቀምጣለች።

---

የሚዳቋው ጉዳይ መታወቁን ሲሰማ ምክትሉ እንደ በግ ገራ። ወስፌ ወንጀለኛ መሆኑን ላሳይሽ ብሎ ወደ ጫካው ወሰዳቸው። "አምና ታስሮ ዘንድሮም ይኸው። በሽቦው የሞተች አጋዘን አለች። ለፍርድ ቤት እስክትለካ ጠብቀናታል።"

ከመንገዱ ዳር ሲደርሱ ኢንስፔክተሯ ቆመች። የግራር ቅርንጫፍ ክምር ነው። የተቆረጠው ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ፣ እጅ የማያስገባ። ዙሪያውን ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ማስረጃ ነዋ! እንዲህ ካልሸፈንነው ጅብ አያሳድረውም። እሾሁ አሞራውን፣ ናፍጣው ጅቡን ያርቃል። ሁላችንም በጠርሙስ እንይዛለን።"

"አዳኞችስ እንዲህ ያደርጋሉ?"

"አዳኝ ሥጋውን ተሸክሞ ይፈረጥጣል እንጂ ቤት ይሠራለታል እንዴ? ይኼን ያስተማረን ኬላው ነው፤ ከእኛ በስተቀር ማንም..."

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እሱም ትናንት ያንን ክምር አይቷል፤ በገዛ እጁ የዕለት ሥራው ስለሆነ ግን ዓይኑ አላስተዋለውም። ገዳዩም እንደዚሁ ነው፤ እጁ የለመደውን ሲሠራ ራሱን እንደሚያጋልጥ አልታየውም። ሬሳው በጅብ እንዳይበላበት ብቻ ነው ያሰበው።

"ጭፍሮችህ በሙሉ ሆቴሉ ነበሩ?" አለችው ኢንስፔክተሯ። "በሙሉ?"

ምክትሉ ጭፍሮቹን በጣቱ ቆጠረ። "ንስሐ ሲቀር። እሱ እንኳን ሊበላ፣ ሥጋ ሥጋ ከሸተትነው ሰላም አይለንም። በዚያ በኩል ተረኛውም እሱ ነበር።"

---

ንስሐ የኬላውን መቃብር እየቆፈረ ነበር። እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል፤ ዶማውን ያነሳል፣ ይጥላል፣ ላቡና እንባው አይለይም። ኢንስፔክተሯ ሬዲዮን ወደ ኋላ አስቀረችና አፋፉ ላይ ተቀመጠች።

"ዓይኑንም የከደንከው አንተ ነህ" አለችው።

ዶማው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ወስፌን ይፈቱታል ብዬ ነበር" አለ ንስሐ። "ማስረጃ የለም፣ ጠመንጃ የለው። ሁለት ቀን ይታሰራል፣ ይፈታል። እንዲያውም ይገባዋል አልኩ።"

"እየሞተ ነው። ጣፊያው ተቀዷል። ሌላ ሰው ካልተያዘ ሆስፒታል አይሄድም።"

ንስሐ የጉድጓዱን ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። "እኔ ነኝ። ሂጂና ንገሪያቸው፤ ድሮ ስላሳሰረኝ ቂም ይዤ ገደልኩት በዪ። እፈርማለሁ።"

"ውሸትህን ነው። ፍየሏን አስሮ ነብሯን ይጠብቅ ነበር። በራሱ በድሮ ጠመንጃው። ክንዱን ያነሳው እጅ ሊሰጥ አይደለም፤ ሲያነጣጥር ነው።"

"እንደሱ አትበዪ!" ብሎ ተነሳና ዶማውን ጨበጠ። ሬዲዮ ሽጉጡን ሲያወጣ ኢንስፔክተሯ በእጇ ከለከለችው። ንስሐ ዶማውን ግን በመቃብሩ ግድግዳ ላይ ነው የሰካው። አፈሩ ተናደ።

"ፍየሏ ስትጮህ ሰምቼ ሄድኩ" አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "አዳኝ መስሎኝ። እሱ ነው። አባባ ምን ሆነሃል አልኩት። 'ዛሬ አላየኸኝም፣ ሂድ' አለኝ። ፊቱ ሌላ ሰው ፊት ነበር። አለቀስኩበት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ጠመንጃውን ግንባሬ ላይ አድርጎ 'ካልሄድክ አንተን ነው የማስቀድመው' አለኝ። ያን ጊዜ ነብሯ ከነደቦሎቿ ብቅ አለች። አነጣጠረ። ቁም አልኩት። እሱ እንዳስተማረኝ ደጋግሜ ቁም አልኩት። አልቆመም። ክንዱን ልመታ ነበር... ክንዱን ብቻ..."

"ከዚያስ?"

"እጄ ላይ ሞተ። 'ልጄን' እያለ ነው የሞተው። ፍየሏን ፈታሁ፣ ጠመንጃውን ገደል ወረወርኩ። ኬላው ሕግ ጣሰ ከሚባል እኔ ነፍሰ ገዳይ ብባል ይሻለኛል። እባክሽ፣ እትዬ። በቂም ነው ብለሽ ጻፊ።"

"እንደሱ ከተጻፈ ዕድሜ ልክህን ነው። እውነቱ ከተጻፈ ግን ዳኛ ያየዋል።"

"ዕድሜ ልክ ይሁን!"

"ምረጥ አላልኩህም" አለችውና ካቴናውን አወጣች። ድምጿን ልታጠነክር ሞከረች፤ አልሆነላትም።

---

አዛዡ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት። ወስፌን ከጋቢናው ኋላ አስተኝተው እናቱን አጠገቡ አስቀመጧት፤ ሬዲዮ እየነዳ መለከቱን ሳያቋርጥ ከከተማው ወጣ። ጣቢያው ውስጥ ንስሐ "በቂም ነው" ከሚለው ቃል አልነቀልም አለ። አዛዡም "ታዲያ ከፈረመ ምን ታስጨንቂዋለሽ? ለሁላችንም የሚበጅ ነው፤ ነገ ቀብር አለብን" አለ።

በሩ ተከፈተ። የኬላው ሚስት ናት። ንስሐ መያዙን ሰምታ በቤት ጫማዋ ሮጣ መጥታለች።

"ቂም አልነበረውም" አለች። "ባሌ ነብሯን ሊገድል ነው የወጣው። የላክሁት እኔ ነኝ።"

"እትዬ፣ ተይው" አለ ንስሐ።

"ዝም በል አንተ! ሌሊት ሌሊት ከጓሮ ስታጉረመርም እሰማታለሁ። እሱም ይሰማል፤ ይሰማና ይተኛል። አባት አይደለህም አልኩት። ልጄን የበላችውን እየጠበቅህ ደመወዝ ትበላለህ አልኩት። ጠመንጃውን ከግድግዳው ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ፍየሏንም ጎትቼ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እያለቀሰ ነው የሄደው። ይኼን ጻፉ። ይኼ ልጅ የተኮሰው ሕግ ሲያስከብር ነው።"

አዛዡ አንገቱን ደፋ፤ ኢንስፔክተሯም የሴትየዋን ቃል ጻፈች።

ሬዲዮ የደወለው ያን ጊዜ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አጠረው።

"አለቃ... መንገድ ላይ። ሆስፒታሉ እየታየን። እናቱ እግሩን አልለቅም ብላለች።"

---

ኬላው ሲቀበር ከተማው ሁሉ ወጣ። እውነቱ አስቀድሞ ተሰምቷል፤ ቢሆንም ማንም አልቀረም። ጥበቃዎቹ በመቃብሩ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ጠመንጃቸውን አንስተዋል፤ ምክትሉ ከፊት ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል።

ኢንስፔክተሯ በሰልፉ መሃል ሰንጥቃ ገባች።

"ወስፌን በመግደል ተጠርጥረሃል" አለችው። "አንተና እነዚህ የረገጡት ሁለቱ።"

"እዚህ? በቀብሩ ላይ?" አለ ምክትሉ፣ እጁ ገና ግንባሩ ላይ እያለ። "እብድ ነሽ እንዴ? ለአንድ ሽቦ አጥማጅ ብለሽ?"

"ለሰው።"

ከሰልፉ አንዱ ጠመንጃውን አዞረባት። ሕዝቡ ጮኸ፤ ከፊሉ መሬት ላይ ተኛ። ሬዲዮ ሽጉጡን ያዘ። ኢንስፔክተሯ የአፈሙዙን ጉድጓድ እያየች የምክትሉን ክንድ ከግንባሩ አወረደችና ካቴናውን አጠለቀችበት።

"አውርድ" አለ አንድ የሴት ድምፅ። የኬላው ሚስት ነበረች። "ባሌን ቀብሬ አልጨረስኩም። ሌላ ሬሳ አትጨምርልኝ። አውርድ ጠመንጃህን!"

ጠባቂው አወረደ።

ኢንስፔክተሯ ሦስቱን ይዛ ወደ መኪናው ስትሄድ ከመቃብሩ ማዶ ሌላ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ቆመውበት አየች። የወስፌ እናት እዚያ ናት። የኬላው ሚስት ሕዝቡን ትታ፣ ጥቁር ልብሷን እየጎተተች ወደዚያ ሄደች። አጠገቧ ደርሳ ቆመች፤ እጇን ዘረጋች።

እናትየዋ የተዘረጋውን እጅ አየችው። አልጨበጠችውም። ጎንበስ ብላ ከአፈሩ በእፍኟ ዘገነችና ልጇ ላይ በተነች፤ እንደገናም ዘገነች።

የኬላው ሚስት እጇን ሰብስባ እዚያው ቆመች፤ አልተመለሰችም። ኢንስፔክተሯ የመኪናውን በር ዘጋችና ሬዲዮን "ንዳ" አለችው።